ባለ ዘጠኝ አሃዙ ቁጥር

አባቴ ሒሳብ ማስተማር ካቆመ ቆይቷል፤ ሒሳቡ ግን አልለቀቀውም። አየር ጤና ፌርማታ ላይ ቆሞ የታክሲዎቹን ታርጋ በልቡ ያካፍላል። የቱ ለሦስት፣ የቱ ለሰባት እንደሚካፈል ሲለይ የሚሳፈርበት ታክሲ ሞልቶ ይሄዳል። እናቴ ካረፈች ወዲህ ቤት ውስጥ የቀረነው እኔና እሱ ብቻ ስለሆንን፣ ማታ ማታ ግኝቱን የምሰማው እኔ ነኝ።

ስለዚህ እጮኛዬ ሽማግሌ ሲልክ አባቴ አንድ ነገር እንደሚያመጣ ጠርጥሬ ነበር። ሽማግሌዎቹ ቆመው የመጡበትን ተናገሩ። አባቴ አስቀመጣቸውና የልጁን ስልክ ቁጥር ጠየቀ።

"ሊደውሉለት ነው?" አሉ አንደኛው።

"አይደለም። ብቸኛ ቁጥር መሆኑን ላጣራ ነው። ከአንድና ከራሱ በቀር ለምንም የማይካፈል ከሆነ ደግ ምልክት ነው።"

ከፊት ያለችውን ዜሮ ሲጥላት ዘጠኝ አሃዝ ቀረው። እንዲህ ያለውን ቁጥር ለመመርመር እስከ ሠላሳ ሺህ አካባቢ ባሉት ብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ ማካፈል እንደሚያስፈልግ፣ ከዚያ ማለፍ ግን ትርፍ ድካም እንደሆነ በዝርዝር አስረዳቸው። በአክብሮት አዳመጡት። ሽማግሌ ማመላለስ ያለ ነገር ነው፤ በማካፈል የተመላለሱት ግን የመጀመሪያዎቹ ሳይሆኑ አይቀሩም።

በሁለተኛው ቀጠሮ "ሰባት ሺህ ላይ ደርሻለሁ" ብሎ መለሳቸው። ካልኩሌተር ባቀርብለት ማጭበርበር ነው አለኝ። እጮኛዬ "ሲሙን ልቀይር እንዴ?" ብሎ ጠየቀኝ፤ የቀልዱን አልነበረም። እኔም መጀመሪያ ስቄ ነበር። ኋላ ግን ዐቢይ ጾም ተቃረበ። ጾሙ ከገባ ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ሊሆን ነው፤ ስንጋባ ልንገባበት ሳንሱሲ ሰፈር የተከራየነው ቤትም ባዶውን ሊከርም ነው።

አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ታክሲ ውስጥ ቁጥሩን ከስልኬ አውጥቼ አየሁት። እስከዚያ ድረስ ስሙን ነክቼ ከመደወል በቀር ቁጥሩን ልብ ብዬው አላውቅም፤ የዘንድሮ ፍቅር ስልክ ቁጥር በቃሉ አይዝም። የመጨረሻው አሃዝ ስምንት ነው። በስምንት የሚያልቅ ቁጥር ለሁለት እንደሚካፈል ደግሞ ሕፃን ልጅም ያውቃል።

በንዴት ጦፌ ቤት ገባሁ። አባቴ እስኪርብቶውን ይዞ ወረቀቱ ላይ አጎንብሷል።

"አባዬ፣ ቁጥሩ እኮ ለሁለት ይካፈላል።"

"አውቃለሁ።"

"መቼ ነው ያወቅከው?"

"ሽማግሌዎቹ የነገሩኝ ዕለት።"

"ታዲያ ይሄን ሁሉ ጊዜ ምን ታካፍላለህ?"

"ሁለትን ዘልዬ ከሦስት ጀመርኩ" አለ፣ ቀና ሳይል።

ይዤው የገባሁትን ጠብ ተውኩት። አጠገቡ ተቀመጥኩ። አንጀቴን በላው። ወረቀቱን አጠፈና "ቅዳሜ ይምጡ በያቸው" አለኝ። እስኪርብቶውን ከደነና ደግሞ "ሳንሱሲ ከዚህ በስንት ታክሲ ነው?" ሲል ጠየቀኝ።

በሁለት ነው፤ አንዳንድ ቀን በሦስትም ይሆናል። "በአንድ" አልኩት።

እሱም ዕድሜውን ሙሉ በዚያው በኮልፌ መስመር ታክሲ ያልተጋፋ ይመስል "ቅርብ ነዋ" አለኝ።