ዘውዱ ያዘዘው፣ ፈንታሁን ያየው

የአርበኞቹ የበላይ አዛዥ ትእዛዝ የደረሰን ከወገዳ በላይ ካለው አፋፍ ላይ ሰፍረን ሳለ ነው። «ወደ ጋይንት ውጡ። ገደሉ ጫፍ ላይ ያለውን የጠላት ምሽግ ያዙና መንገዱን ክፈቱ» የሚል ነበር። መልእክተኛው ቃሉን አድርሶ፣ የበጠበጥንለትን በሶ ቆሞ ጠጥቶ በመጣበት ተመለሰ። እኛም ስንቃችንን መቋጠር ጀመርን። ገብስ የሚታጨድበት ወቅት ነበር፤ ብዙዎቻችን ማጭዱን ለሚስቶቻችን ትተን ነው የወጣነው።

ጣልያን አገራችንን ከያዘ ዓመታት አልፈው ነበር። እኔ አንድ ውጅግራ ጠመንጃና ጥቂት ጥይት ያለኝ የስማዳ ገበሬ ልጅ፣ ተራ ተኳሽ ነበርኩ። ከኋላ ሆኜ ያየሁትን ነው የምነግራችሁ።

አለቃችን ልጅ ዘውዱ ይባላል። አባቱ ፊታውራሪ የእስቴ ባላባት ነበሩ፤ በቀደመው ውጊያ ቆስለው ሞቱ። እሳቸው ሲሞቱ ማን ይተካ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ሁሉም ዓይኑን ወደ ልጃቸው መለሰ። ከእሱ ይልቅ ብዙ የተዋጉ፣ ጺማቸው የሸበተ ሰዎች ነበሩን፤ እነሱም ሳይቀሩ «የፊታውራሪ ልጅ» ብለው ተከተሉት። እኔም ተከተልኩ።

ስሙን ብቻ አልነበረም የወረሰው። ከልጅነቱ ጀምሮ አባቱ ችሎት ሲቀመጡ ከጎናቸው ያስቀምጡት ነበር። ባለጉዳይ ሲናገር ሳያቋርጡ መስማትን፣ የተቆጣ ሰው ማብረድን፣ አይሆንም ያሉትን ነገር እንደገና አለማንሳትን የተማረው እዚያ ነው። ፈረስና ኢላማ ለምዷል። ጠግቦ ስላደገም ስንቅ ሲከፈል ድርሻውን በመጨረሻ ይወስዳል፤ ይህ ለእኛ ትልቅ ነገር ነበር።

በዚያው ግቢ ያደገ ሌላ ሰው አብሮን ነበር፤ ፈንታሁን። እናቱ የፊታውራሪ ቤት እህል ፈጪ ነበረች። ሁለቱ ፊደል የቆጠሩት ከአንድ የኔታ እግር ሥር ነው። ዘውዱ ራሱ እየሳቀ እንደሚነግረን፣ እሱ ገና ፊደሉን ሲንተፋተፍ ፈንታሁን ዳዊት ደግሞ ነበር። ከዚያ ወዲያ መንገዳቸው ተለያየ። ዘውዱ ወደ ፈረሱ፣ ፈንታሁን አኮፋዳውን አንግቶ ቁራሽ እየለመነ ጋይንት ወዳለችው ቤተ ልሔም፣ ድጓ ሊማር ሄደ። አንድ ጊዜ የሰማውን ዜማ ሁለተኛ አሰሙኝ አይልም ይባል ነበር። ጠላት ሲመጣ ትምህርቱን አቋርጦ ወደ ዘውዱ መጣ። ሰው ፊት አንቱ ይለዋል። ብቻቸውን ሲሆኑ አንተ ሲለው ሰምቻለሁ።

ከምሽጉ ማዶ ካለ ቁጥቋጦ ውስጥ ገብተን አደፈጥን። ምሽጉ ከገደል ጫፍ ላይ የተቀመጠ ነው። በሩ ወደ ሰሜን፣ መትረየሱም ወደ በሩ የዞረ ነው። በእኛ በኩል ያለውን ገደል ማንም አይጠብቀውም፤ ማን ይወጣዋል ብለው። ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ከምሽጉ መስታወት ብልጭ ብልጭ ይላል። በንፋስ መውጫ አቅጣጫ ካለው ከፍታም ሌላ መስታወት ይመልሳል።

«ሶላቶው ጢሙን እየተላጨ ነው» እያሉ ጓደኞቼ ይስቁ ነበር።

ፈንታሁን አልሳቀም። በሆዱ ተኝቶ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ያያል። ከብዙ ጠዋት በኋላ ወደ ዘውዱ ተሳበ። እኔ አጠገባቸው ነበርኩ።

«ይህ ነገር ምልክት አለው» አለው። «አጭር ብልጭታና ረጅም ብልጭታ ነው። አጭሩን ይዘት፣ ረጅሙን ጭረት ብዬ እንደ ድጓ የዜማ ምልክት ይዤዋለሁ።»

«ምን ይላል?»

«ምን እንደሚል አላውቅም። ግን ይደጋገማል። አንደኛው ሲታይ በማግስቱ ስንቅ የጫነ በቅሎ ይመጣል። ሌላው ሲታይ ደግሞ የምሽጉ ጦር እኩሌታው ከብት ሊዘርፍ ወደ ቆላው ይወርዳል፤ እስኪመሽ አይመለስም።»

ዘውዱ ሳያቋርጥ ሰማው። በማግስቱ ጠዋት መስታወቱ ሲያበራ «ምንድን ነው?» አለው። «ነገ በቅሎ ነው» አለ ፈንታሁን። በነጋታው በቅሎዎቹ መጡ። ከዚያ ወዲያ ዘውዱ አልጠየቀውም፤ ምክር ጠራ።

ከአንድ ዋርካ ሥር ተሰበሰብን። ዘውዱ ነገሩን ከነምክንያቱ ተናገረ። ቀኛዝማች ደሳለኝ የአባቱ የጦር ጓደኛ ነበሩ፤ በድፍረታቸው ሁላችንም እንፈራቸዋለን።

«የፈጪ ልጅ በመስታወት ጠንቁሎ ሊያዋጋን ነው?» አሉ።

ፈንታሁን መሬት መሬት ያይ ነበር።

«ቀኛዝማች፣ እኔን ለምን ይሰሙኛል?» አለ ዘውዱ ድምፁን ሳያነሣ።

«የአባትህ ልጅ ነህና።»

«እንግዲያው እሱንም በእኔ ስም ይስሙት። ያየው እሱ ነው። ያዘዝኩት እኔ ነኝ። ከተሳሳተ የሚጠየቀው የአባቴ ልጅ ነው።»

ቀኛዝማች ጎራዴያቸውን ከጉልበታቸው ላይ አንሥተው ተነሡ። «ከታዘዝኩበት ቦታ ታገኘኛለህ» ብለው ሄዱ።

ያን ዕለት ብዙ አሰብኩ። ፈንታሁን ያንኑ ነገር በራሱ አፍ ቢናገር ኖሮ ከሳቅ በቀር መልስ አያገኝም ነበር። ዘውዱም ብቻውን ቢሆን መስታወቱን እንደኛው ጢም መላጫ ብሎ ባለፈው።

እቅዱ ይህ ነበር። ቀኛዝማች ግማሹን ሰው ይዘው ዘራፊው ጦር የሚመለስበትን ጠባብ መውጫ ይይዛሉ። ዘውዱ የቀረነውን ይዞ በገደሉ ወጥቶ ምሽጉን ይመታል። ገደሉ እንዴት ይወጣ ሲባል ካሴ የሚባል የሸማኔ ልጅ «ጠፍር ስጡኝ» አለ። የበሬ ጠፍርና የወይራ እንጨት ሰብስቦ፣ ድርና ማግ እንደሚያያይዝ ሰው ተቀምጦ መሰላል ሠራ። አራት ሆነን ተንጠለጠልንበት፤ አልተበጠሰም።

ፈንታሁን የሚጠብቀው ምልክት ሲታይ በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ ተነሣን። ከገደሉ ወገብ ላይ ካለ ዋሻ ደርሰን ተጠጋን። ፀሐይ ወጣች። እንደተባለው የጠላት ጦር በበሩ ወጥቶ ወደ ቆላው ወረደ። ቁልቁል ሲሄዱ የበቅሎዎቹን ኮቴ ሰማን። ካሴ ባዶ እግሩን፣ ጠፍሩን በትከሻው አዙሮ፣ ስንጥቅ ለስንጥቅ እየያዘ ወደ ላይ ሄደ። ጫፉ ላይ ካለ የዛፍ ሥር መሰላሉን አሰረልን።

ልንወጣ ስንል በንፋስ መውጫ በኩል ያለው መስታወት እንደገና አበራ። ረጅም ነበር። ደጋገመ።

ዘውዱ ወደ ፈንታሁን ዞረ። ሁላችንም ዞርን።

«ይኸኛውን አላውቀውም» አለ ፈንታሁን። «ከዚህ በፊት አላየሁትም።»

ፊቱ ዐመድ መስሎ ነበር። ቢዋሽ ማንም አያውቅበትም። አልዋሸም። በዚያች ቅጽበት ያከበርኩትን ያህል በሌላው ሁሉ አላከበርኩትም።

ዘውዱ ቁልቁል ወደ ቆላው፣ ከዚያ ወደ እኛ አየ። መመለስ ይቻል ነበር። ግን ብንመለስ ቀኛዝማች በመውጫው ላይ ብቻቸውን ይቀራሉ። «እንወጣለን» አለ። ድምፁ አባቱ ቤት «እህሉን አስገቡ» እንደሚል ሰው ድምፅ ነበር። ሰው የተከተለው ድምፁን ነው። እኔም ድምፁን ይዤ ወጣሁ።

ከጧቱ ሦስት ሰዓት ግድም ጫፉ ላይ ደረስን። ሁለት ዘበኞች ነበሩ። በጎራዴ ወደቁ። ሦስተኛው ጮኸ። ተኩስ ተከፈተ። መትረየሱ ፊቱ ወደ በሩ ስለነበር እስኪያዞሩት ደረስንባቸው። ከድንኳን ድንኳን ተዋጋን። ጭሱ ዓይናችንን ይዞት ማን ማን እንደሆነ በድምፅ ነበር የምንለየው። ፈንታሁን ከፊቴ ነበር፤ ግራ ክንዱን ጥይት አገኘው። ጠመንጃውን በቀኙ ይዞ ቀጠለ። ፀሐይ አናታችን ላይ ሳትደርስ ምሽጉ ዝም አለ።

ያን ጊዜ ከታች ተኩስ ሰማን።

በኋላ እንደገባን፣ ያ ያላወቅነው ብልጭታ የወረደው ጦር እንዲመለስ የተጠራበት ነበር። እኛ ስንወጣ እነሱ መንገድ ጀምረው ኖሯል። ቀኛዝማች ማታ ይመጣል የተባለውን ጦር ረፋድ ላይ ተቀበሉት፤ ያውም ከሰዎቻቸው በእጥፍ የሚበልጠውን። ሦስት ጊዜ ገፋቸው። ሦስት ጊዜ መለሱት። እኛ ቁልቁል እየሮጥን፣ ቋጥኝ እያንከባለልን፣ ከኋላው ተኮስንበት። በመካከል ሲገባ ተፈታ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ መንገዱ የእኛ ሆነ።

ቀኛዝማችን ከድንጋይ ካብ ላይ ተደግፈው አገኘናቸው። ሆዳቸውን በነጠላቸው አስረውታል።

«ምሽጉስ?» አሉ።

«ተይዟል» አለ ዘውዱ ተንበርክኮ።

«ያን የፈጪ ልጅ ጥሩልኝ።»

ፈንታሁን ክንዱን እንደታሰረ መጥቶ ከእግራቸው ሥር ወደቀ። «በመስታወት ያዋጋኸኝ አንተ ነህ?» አሉት።

«ነኝ ጌታዬ። የመጨረሻዋን ግን አላወቅኋትም።»

«እሷን እኔ አወቅኋት» አሉ። ፈገግ ብለው ነበር። እጃቸውን ዘርግተው ራሱን ነኩት። ጀምበር ሳትጠልቅ ዐረፉ።

ጠላት ከአገር ከወጣ በኋላ የአርበኞች ጉዳይ ይታይ ጀመር። ዘውዱ በእስቴ አገር ተሾመ። ፈንታሁን ግራ ክንዱ ሰንፎ ነበር፤ እሱም ቀረበ። ጉዳዩን የሚያየው ሹም ዘሩን ጠየቀው። ከሰማ በኋላ አንድ ሜዳሊያ ሰጥቶ አሰናበተው። በማግስቱ ዘውዱ የአባቱን ካባ ለብሶ፣ ፈንታሁንን ከጎኑ አቁሞ ገባ።

«ይህ ሰው ዳኝነት ካልተሰጠው የእኔም ሹመት ይቅር» አለ።

ሹሙ ደነገጠ። ነገሩ ብዙ ተመላለሰ፤ በመጨረሻ ፈንታሁን ንፋስ መውጫ ላይ ዳኛ ሆነ። ወንበሩን ያስገኘለት የዘውዱ ቃል ነው። ወንበሩ ላይ ያኖረው ግን የራሱ አእምሮ ነው። ባለጉዳይ ከዓመታት በፊት የተናገረውን ቃል በቃል ያስታውሰው ነበር። አንድ የመሬት ክርክር የተፈረደበት ጎረቤቴ «ተረታሁ፤ ነገሬን ግን ሰምቶኛል» እያለ ሲመለስ መንገድ ላይ አግኝቼዋለሁ። ልጆቹ ተማሩ። ሲያድጉ ሰዉ «የዳኛው ልጆች» ይላቸው ነበር፤ የፈጪዋን የልጅ ልጅነት ያነሣ የለም።

ዘውዱ ጥሩ ገዥ ሆነ። አንድ ቀን ቤቱ ሄጄ ሳለ ስለዚህ አነሣሁበት። «እኔ ነገር ቶሎ አይገባኝም» አለኝ። «ቶሎ የሚገባውን ሰው ግን ቶሎ አውቃለሁ። አባቴ ያስተማረኝ ይህን ነው።» ለዚህ ነው እስከ ዛሬ የማደንቀው። በባላባት ቤት ተወልዶ ሌላ ሰው የማይታየው ስንት አይተናል።

ካሴን ግን ሹሙ ዘንድ ማንም ይዞት አልገባም። አእምሮው ከፈንታሁን የሚያንስ አይመስለኝም ነበር። ወደ መንደሩ ተመልሶ እንደ አባቱ ሸማ ሠራ። ፈንታሁን ዳኛ ከሆነ በኋላ ፈልጎ አገኘው፤ ትልቁን ልጁን ወስዶ ከራሱ ልጆች ጋር ትምህርት ቤት አስገባው። ለልጁ ደረሰለት። ለካሴ ለራሱ ዘግይቶ ነበር። ካሴ ሲያመሰግን እንጂ ሲያማርር አልሰማሁትም።

በዚያ ቀን አሥራ አራት ሰው አጣን። ቀኛዝማች ደሳለኝ፣ አንድ የባላባት ልጅ፣ አንድ ዲያቆን፤ የቀሩት ገበሬዎች ናቸው። አንደኛው በዚያው ሳምንት የተቀላቀለን ነበር፤ አገሩን እንኳ ሳንጠይቀው ሞተ። ከምሽጉ በታች ባለው ቤተ ክርስቲያን ግቢ ጎን ለጎን ቀበርናቸው። ካህኑ ለፍትሐት የክርስትና ስማቸውን ብቻ ጠየቁ። የዚያን እንግዳ ስም የሚያውቅ ባለመኖሩ «እግዚአብሔር ያውቀዋል» ብለው ጸለዩለት።

ፈንታሁን በጭንቅላቱ፣ ዘውዱ በዘሩ ተነሣ ሲባል እሰማለሁ። እውነት አለው። እኔ ግን ሁለቱ ወደዚያ መቃብር በየዓመቱ ሲሄዱ አብሬ እሄድ ነበር። ዘውዱ ካባውን አውልቆ፣ ፈንታሁን በአንድ እጁ ሣር ይነቅላሉ። ከተኙት መካከል ማን ምን ይሆን እንደነበር የምናውቀው ነገር አልነበረንም። ሁለቱም በሹመታቸው ዘመን አንድ ቀን እንኳ «የተነሣሁት በራሴ ነው» ሲሉ አልሰማሁም።