ባምባሲ ሰማይ ላይ የረሳሁት ሰው

ዛሬ ረፋድ ላይ ኮምፒውተሬን ስከፍት ባምባሲ ሰማይ ላይ አንድ አውሮፕላን ብቻውን ይዞራል። ትናንት በተውኩት ቦታ፣ በዚያው ከፍታ።

ለማታውቁት፣ በኢንተርኔት የአውሮፕላን ማብረሪያ ጌም አብረን የምንበር አምስት ሰዎች ነን። መሪው እኔ ነኝ። ደንቡንም የጻፍኩት እኔው ነኝ፦ "ጠብቅ የተባለ አብራሪ መሪው ስሙን ሳይጠራ አያርፍም።" ስጽፈው ያምር ነበር።

ትናንት ከሰዓት ሦስቱን አሶሳ አሳረፍኩ። ቶንጎ ከተማ አስተማሪ የሆነውን ጓደኛችንን አልጠይብን "ባምባሲ ላይ እየዞርክ ጠብቅ" አልኩት። ወዲያው እኛ ሰፈር መብራት ጠፋ። እኔም ረሳሁት።

ጌሙ ላይ ነዳጅ እንዳያልቅ አድርገን ስለምንበር አውሮፕላኑ በራሱ መዞሩ አልገረመኝም። ሰው ይኖርበታል ብዬ ግን አላሰብኩም።

"አልጠይብ?" አልኩ በማይኩ። ደግሜ ጠራሁት።

"አለሁ መሪ" አለ የጎረነነ ድምፅ። "አሁን ልውረድ?"

አፈርኩ። "ምነው ወንድሜ፣ ዘግተኸው አትተኛም ነበር?"

"አጠገቡ ተኛሁ እኮ። ንጋት ላይ ድምፅህ ቀሰቀሰኝ። 'ውረድ፣ ውረድ' ትለኛለህ። ስሜን ግን አልጠራህም። ስለዚህ አልወረድኩም።"

እኔ ቤት መብራት የመጣው ግን ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነው።

ስሙን ጠርቼ አሳረፍኩት። ያንን ደንብ ላጠፋው አስቤ ነበር፣ እጄ እምቢ አለኝ።

እናንተም ጠብቀኝ ብላችሁ የረሳችሁት ሰው ካለ እዚህ ጻፉልኝ። ከዚያ በፊት ግን ስሙን ጠርታችሁ አሳርፉት፤ በእናንተ ድምፅ ሌላ ሳይጠራው።