ተፈታልዎት

ዋቅጅራ ሆርዶፋን መገናኛ አካባቢ ያሉ መካኒኮች ሁሉ ያውቁታል። ሞተር የሚያወርድ፣ ፍሬን የሚያስተካክል ሞልቷል፤ የዛገ፣ ጥርሱ የተበላ፣ አናቱ ተቆርጦ ውስጥ የቀረ ብሎን ሲገጥማቸው ግን ጉልበታቸውን ጨርሰው፣ ቁልፍ ሰብረውና ተሳድበው ሲያበቁ የሚመጡት እሱ ዘንድ ነው። እሱም አይቆጣም። ስንት ሰው እንደታገለው ብቻ ይጠይቃል።

ናፍጣ ያንጠባጥብበታል፤ በትንሽ መዶሻ ዙሪያውን ኳ ኳ ያደርገዋል፤ ከዚያ ትቶት ሌላ ሥራ ይሠራል። ተመልሶ ሲመጣም ወዲያው ሊፈታው አይሞክርም። መጀመሪያ ጥቂት ያጠብቀዋል። ይህን አይቶ ያልሳቀበት አዲስ መካኒክ የለም፤ ነገር ግን ዝገቱን የምታላቅቀው ያች ትንሽ ማጥበቅ ናት። ቀጥሎ ትንሽ ወደዚህ፣ ትንሽ ወደዚያ እያለ ያባብለዋል። የቸኮለ ሰው ብሎን ይቆርጣል እንጂ አይፈታም ይላል።

ቤቱ ከየካ በላይ፣ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ሊጀምር ሲል ያለች ባለ ሁለት ክፍል የቀበሌ ቤት ናት። ሚስቱ ከሞተች በኋላ ከአንድ ልጁ ከዳንኤል ጋር ይኖርባት ነበር። የሚጸልዩበት ቤተ ክርስቲያን ሲታሸግ ዳንኤል ከጓደኞቹ ጋር ሰው ቤት ተሰብስቦ ሲዘምር ተያዘ። ይኸው በ1976 ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ክስ የለ፣ ፍርድ የለ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ስንቅ ማቀበል ብቻ። ልጁን ማየት አይፈቀድም። ሳህኑ ባዶውን ሲመለስ በሕይወት አለ ማለት ነው። የእምነት ወዳጆቹ እንዳይጠረጠሩ ብለው ራቁት፤ እሱም አልፈረደባቸውም። ማታ ማታ ራዲዮ የሚከፍተው ዜና ፈልጎ አይደለም። ቤቱ ውስጥ የሚናገር ሰው ድምፅ እንዲኖር ነው።

በዚያ ሳምንት አንድ የጭነት መኪና ብሎን ሦስት ቀን አስቸገረው። ዓርብ ጠዋት ሲቀጠቅጠው የዝገት ብናኝ ዓይኑ ውስጥ ገባና ወደ ቤት ሂድ ተባለ። ሲወጣ ለሥራ ባልደረባው ለነጅመዲን ደጋግሞ አደራ አለው፤ ናፍጣው ይጠጣው፣ ከዚያ ሞክረው፣ እሺ ካለህ ሰው ላክብኝ፤ እምቢ ካለህ አትታገለው፣ እኔው እመለሳለሁ አለው።

ነጅመዲን ወደ ጁምዓ ከመሄዱ በፊት ቁልፉን ቢያስገባ ብሎኑ ያለ ምንም ድካም ዞረለት። ወደ መስጊድ ሲጣደፍ የዋቅጅራን ጎረቤት ታደለችን መንገድ ላይ አገኛትና፣ «ለጋሽ ዋቅጅራ ተፈታ በይልኝ» ብሏት አለፈ። ሰውየው ሶላት እንዳያመልጠው ነው እንጂ ክፋት የለበትም። ታደለች ስለ ብሎን የምታውቀው ነገር የለም። እሷ በምታውቀው ሰፈር ደግሞ ያ ቃል አንድ ትርጉም ብቻ ነበረው።

ዳገቱን እየሮጠች ወጣች። ዋቅጅራ ዓይኑን በጨርቅ አስሮ ደጃፉ ላይ ተቀምጧል።

«ጋሽ ዋቅጅራ፣ ተፈታልዎት!» አለችው።

ማን እንደነገራት ጠየቃት። ነጅመዲን ነው አለችው። የእስር ቤቱ መኪናዎች እነሱ ጋራዥ ይጠገናሉ፤ ነጅመዲን ከሾፌሮቹ ጋር ይጫወታል፤ ስለዚህ ሰምቶ ነው ብሎ አመነ። ሦስት ቀን ሙሉ ሲያስበው የዋለውን ብሎን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ፈጽሞ ረሳው። ታደለች እልል ስትል እሱ ግድግዳውን ይዞ ቆመ፤ አለቀሰ፤ ምንም አላፈረም።

ከዚያ ወዲያ ቀኑ አልበቃው አለ። የዳንኤልን ብርድ ልብስ ፀሐይ ላይ አሰጣ፣ አልጋውን አነጠፈ። ዓርብ ነውና ሥጋ ቤቱ ሁሉ ዝግ ነው፤ ከጎረቤት አውራ ዶሮ ገዛ። ወጡን ታደለች ሠራችው። ጾመኛ ናትና መቅመስ አትችልም፤ ጨው የሚቀምሰው እሱ ሆነ፣ በየደቂቃው እየተጠራ። ሁለት ዓመት ደጁን ያልረገጡ ሰዎች እንኳን ደስ አለህ ሊሉ መጡ። ቤቱ ሞላ። ዋቅጅራ የሰው ድምፅ እንዲህ ደስ እንደሚል ረስቶት ኖሯል።

ዘጠኝ ሰዓት ሆነ፣ አሥር ሰዓት ሆነ። ወረቀት ጨርሶ እስኪወጣ ነው ተባለ። አሥራ አንድ ላይ እንግዶቹ አንዳንድ እያሉ ተነሡ። ታደለችም ልጆቿን ልታይ ሄደች። እሱ ብቻውን በሩ ላይ ቀረ፤ በደህናው ዓይኑ ዳገቱን እያየ።

ጀምበር ልትጠልቅ ስትል ነጅመዲን ብቅ አለ፣ ብቻውን። ዓይኑ እንዴት እንደዋለ ሊጠይቀው መጥቶ ነው። ፊቱ በደስታ በርቷል። ከኪሱ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አውጥቶ ሰጠው።

«ይኸው ጋሼ፣ እንዳሉኝ አደረግሁ። ተፈታ።»

ዋቅጅራ ጨርቁን ገለጠና ብሎኑን አየው። የተነጠፈው የልጁ አልጋ በበሩ ይታያል፤ የወጡም ሽታ ገና አለ። ነጅመዲን ምን እንዳደረገ ቀስ ብሎ ሲገባው የሚቀመጥበት ጠፋው። ዋቅጅራ ግን ብሎኑን ወደ ብርሃኑ አዙሮ ጥርሱን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው።

«ጎበዝ፤ ጥርሱን አልነካኸውም» አለው።

በማግስቱ ወጡን እንዳለ ይዞ ወደ እስር ቤቱ ወረደ። ስንቁን አቀብሎ ስንቅ ካመጡ እናቶች ጋር ፀሐይ ላይ ቆሞ ጠበቀ። ጠባቂው ወጣት ወታደር ነው፤ ባዶውን ሳህን ሲመልስለት ግራ ቀኙን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«አባባ፣ ልጅዎ ደስ ብሎታል። ዶሮው ምን ተገኝቶ ነው ይላል።»

ዋቅጅራ ሳህኑን እንደያዘ ቆመ። ስለ አልጋው አይነግረው፣ ስለ ብርድ ልብሱ አይነግረው።

«ሥራ ቀንቶኝ ነው በለው። አንድ ያስቸገረኝ ብሎን ነበር...» አለና ያ የትናንቱ ቃል አፉ ላይ መጣበት። ከዚህ በር እስከ ልጁ ክፍል ድረስ ቃሉ በስንት ሰው አፍ እንደሚያልፍ አሰበ።

«ወጣልኝ... አይ፣ እሱንም ተወው» አለ ወታደሩን። «አባትህ ደህና ነው በለው ብቻ።»