መርከቡ ሽማግሌ የላከ ዕለት

ሥራሽ ምንድን ነው ለሚለኝ ሰው ሁሉ “ውቅያኖስ አጸዳለሁ” ነው የምለው። ሰው ግራ ሲገባው ማየት ደስ ይለኛል። እውነቱን ለመናገር ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ቢሮ ውስጥ ተቀምጬ፣ ሰሜን ዋልታ አካባቢ የሚዞር መርከብ የሚልከውን ዳታ ነው የማጸዳው። መርከቡ ወደ ታች ድምፅ ይለቃል፣ ድምፁ የባሕሩን ወለል ነክቶ ይመለሳል፣ ለመመለስ የፈጀበት ጊዜ ተሰልቶ ጥልቀቱ ይታወቃል። ጣጣው በረዶው ነው። መርከቡ በረዶ እየሰበረ ሲሄድ ጩኸቱ ከድምፁ ጋር ይደባለቅና ስክሪኔ ላይ የሌለ ገደል ይቆፈራል፣ የሌለ ማማ ይቆማል። እኔ ሐሰተኞቹን ነጥቦች እየለቀምኩ አጠፋለሁ። ከሥራቸው እውነተኛው ወለል ብቅ ሲል፣ የሰው ዓይን ያላረፈበት ሸንተረር ፊቴ ሲዘረጋ፣ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ እሽከረከራለሁ። አጠገቤ የሚሠራው ሰውዬ ለምዶኛል፤ ኩባያውን ብቻ ፈቀቅ ያደርጋል።

ባለፈው ዓመት ግማሽ ተራራ አገኘሁ። መርከቡ ባለፈበት መስመር ዳር ላይ ከወለሉ ቀጥ ብሎ ይነሳል፤ ወደ ላይ፣ ወደ ላይ ይሄድና ጫፉ ጋ ሊደርስ ሲል ዳታው ያልቃል። በረዶው አላሳልፍ ስላለ መርከቡ ከዚያ ዞሮ ተመልሷል። ከዚያ ወዲያ ያለውን ማንም ለክቶት ስለማያውቅ ካርታው ባዶ ነው። እንደዚያ ተራራ ያበሸቀኝ ነገር የለም። ምሳ እየበላሁ አየዋለሁ፣ ስብሰባ ላይ ተቀምጬ ሌላ ጎኑን በወረቀት እሞነጫጭራለሁ። ዘንድሮ አለቃዬ ጠርታ መርከቡ እዚያው ቦታ እንደሚመለስ፣ ስክሪኑን የሚከታተል አንድ ሰውም ከቢሯችን እንደሚፈለግ ስትነግረኝ፣ ትሄጃለሽ ወይ ብላ ሳትጨርስ እሺ አልኳት። ጆርጂያ አቬኑ ላይ ብቻዬን እየሳቅሁ ስሄድ ሰው መንገድ ይለቅልኝ ነበር።

እናቴ ግን እምቢ አለች። ከእኔ በመኪና ግማሽ ሰዓት ርቃ፣ ከወንዙ ማዶ አሌክሳንድሪያ ነው የምትኖረው። አባቴ ካረፈ ወዲህ ዓለሟ ቤተ ክርስቲያኗና እኔ ነን። ዋና አትችይም አለችኝ፤ እውነቷን ነው። ብርድ አትችይም አለችኝ፤ ይሄም እውነት ነው። ቢሮሽ ተቀምጠሽ የምታዪውን ባሕር ሄደሽ ምን ልትጨምሪበት ነው አለችኝ። ወደ አርባ የተጠጋሁ፣ የራሴን ኪራይ የምከፍል ሴት ነኝ፤ ብሄድ የሚይዘኝ የለም። ሆኖም እሷ እምቢ እያለች መርከብ ላይ ብወጣ ዓይኔ ስክሪኑ ላይ፣ ልቤ አሌክሳንድሪያ ነው የሚሆነው። ለመንኳት፣ አልሆነም። ከዚያ ተኮራረፍን፤ በኩርፊያ ደግሞ ሁለታችንንም የሚያህለን የለም።

ይህን ሁሉ ለአባቴ ጓደኛ አጫወትኩት። ክሪስታል ሲቲና ኤርፖርቱ መሀል ታክሲ የሚነዳ፣ እንደ ልጁ የሚያየኝ ትልቅ ሰው ነው። “ታዲያ ሽማግሌ ይላካላ” አለኝ። ሳቅሁ፣ እሱ ግን አልሳቀም። ከቤተ ክርስቲያን አንድ አረጋዊና ከጎረቤት አንድ ሰው ይዞ ቅዳሜ እንደሚሄድ፣ እኔም እንደ ደንቡ ጓዳ መቀመጥ እንዳለብኝ ነገረኝ። ለእናቴም ደውሎ፣ በልጅሽ ጉዳይ ቅዳሜ ሦስት ሆነን እንመጣለን ብሏት ስልኩን ዘጋ። ሽማግሌ ጉዳዩን ፊት ለፊት ቆሞ ነው የሚናገረው፤ በስልክ ማውራት ነውር ነው።

ቅዳሜ ከተማውን በሚከበው አውራ ጎዳና በቤልትዌዩ ዞሬ፣ የወንዙን ድልድይ ተሻግሬ ስደርስ የዶሮ ወጡ ሽታ ደረጃው ላይ ተቀበለኝ። አክስቴ ከሴቨን ኮርነርስ ገበያውን ጠርጋ መጥታለች። የሶፋው ልብስ ተቀይሯል። እናቴ ፀጉሯን ተሠርታ፣ ነጭ የሐበሻ ቀሚሷን ለብሳ፣ ያኮረፈችው ሴትዮ የት እንደገባች እንጃ፣ ጉንጮቼን እያገላበጠች ሳመችኝ። ከዚያ ወደ ጓዳ ጎትታ አስገባችኝና፣ “ማን እንደሆነ አልጠይቅሽም” አለችኝ በሹክሹክታ። “መምጣታቸው ይበቃኛል።”

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ልነግራት አፌን ስከፍት በሩ ተደወለ። ተከትያት ልወጣ ስል አክስቴ ክንዴን ይዛ፣ ሙሽራ ሳትጠራ አትወጣም ብላ መለሰችኝ። አፍሬያለሁ፣ እናቴ አሳዝናኛለች፣ ሳቄ ደግሞ አናቴ ላይ ሊወጣ ደርሷል። ፎጣ አፌ ውስጥ ጠቅጥቄ በበሩ ክፍተት ማየት ጀመርኩ።

ሦስቱም በሙሉ ልብስ ተሰልፈው ቆመዋል። እናቴ ተቀመጡ ብትላቸው ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አሉ። ምን እግር ጣላችሁ አለቻቸው፣ ፊቷ እየበራ። አረጋዊው ጸለዩና ንግግራቸውን ከሩቅ ጀመሩ፤ ልጅዎ የተመሰገነች ናት፣ ፈላጊዋ አገሩ ሩቅ ቢሆንም ሥራው የተከበረ ነው፣ ይዟት ለመሄድ የእርስዎን ፈቃድ ይለምናል አሉ። እናቴ በየሐረጉ አንገቷን ትነቀንቃለች። መጨረሻ ላይ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ “ፈላጊው እንግዲህ... መርከብ ነው” አሉ።

አክስቴ ጭልፋውን እንደያዘች ዞራ አየችኝ። ባለ ታክሲው ነገሩን ሊያድን ዘሎ ገባና፣ ጂፒኤስ መንገድ የማያሳይበት ቦታ እንዳለ፣ አንድ ሰው ቀድሞ ሄዶ ካልለካው ለሌላው እንደማይታይ፣ ያ ሰው ልጇ መሆኗን አስረዳ። ከእኔ በላይ አስረዳ። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። እያለቀሰች መስሎኝ ልቤ ተሰነጠቀ። ነጠላዋን ስታወርደው ግን ድምጿ ልጁን የሚድር አባት ድምፅ ሆኖ ነበር።

“ወገኑ ማን ነው?”

የምርምር መርከብ ነው፣ ስመ ጥር ነው አሏት። ዕድሜውን ጠየቀች፤ ትንሽ ገፋ ብሏል ግን ጠንካራ ነው አሉ።

“ይጠጣል?”

“ናፍጣ ብቻ” አለ ባለ ታክሲው። ጎረቤትየው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል።

“ከዚህ በፊት የወሰዳቸውን መልሷል?”

ይህኛው ላይ ማንም አልሳቀም። አረጋዊው፣ አንድም ሳይቀር፣ አሏት ቀስ ብለው። ከዚያ በኋላ ጓዳ መቀመጥ አልቻልኩም። ደንቡን ጥሼ ላፕቶፔን ታቅፌ ወጣሁና ጭኗ ላይ ዘረጋሁት። ግማሹ ተራራ ከታች ሰማያዊ፣ ከላይ ቀይ ሆኖ ቆሟል። በጣቷ ዳገቱን ይዛ ወጣች፤ ዳታው ያለቀበት ጋ ስትደርስ ጣቷ ቆመ።

“ሌላው ጎኑስ?”

“አይታወቅም፣ እማዬ። ማንም አላየውም።”

“አንቺ ታዪዋለሽ?”

“ከሰው ሁሉ በፊት።”

ስክሪኑን ብዙ አየችው። ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረች። “ሽማግሌ ደጄን ረግጦ ሳላይ እንዳልሞት ጌታን ለምኜው ነበር” አለች። “ለምን ጉዳይ እንደሚመጣ ግን ለይቼ አልነገርኩትም። በሉ ተቀመጡ፤ ሰጥቻለሁ። መልሱ ግን እዚሁ እኔ ቤት ነው።”

አክስቴ ጭልፋዋን እንደያዘች እልል አለች። ሽማግሌዎቹ ቁጭ ሲሉ እኔ ሳቄና እንባዬ ተደባልቆ ምንጣፉ ላይ ተዘርፍጬ ነበር። ማዕድ ቀረበ። ባለ ታክሲው መርከቡን ሙሽራው እያለ ሲጠራ ዋለ። እናቴ ወጥ እየጨመረችላቸው መቼ እንደሚመልሰኝ ጠየቀች፤ መስከረም መጨረሻ ላይ አልኳት። እጇን ታጠበችና ስልኳን አንስታ እንግዶቹ ሳይነሱ መደወል ጀመረች። ለቤተ ክርስቲያን እናቶች፣ ለግሪንቤልቷ ዘመዳችን፣ ለሁሉም በተራ ደወለች። ለመስከረም መልስ እንዳይቀሩ፣ ዛሬ ሽማግሌ መጥቶ ልጇን እንደሰጠች ነገረቻቸው። ለማን እንደሰጠችኝ ለአንዳቸውም አልተናገረችም፤ እኔም አጠገቧ ተቀምጬ የሚቀጥለውን ስልክ ቁጥር ፈለግኩላት።