የአባቴ ውክልና

የሰበታው ዘይት መጭመቂያ ኑግ የሚያርሱ ሰዎች በአክሲዮን ያቆሙት ነበር። አባቴ ከጥማዱ አንዱን በሬ ሸጦ ነው የገባበት። የአክሲዮኑን ወረቀት ከአያቴ ዳዊት መሐል አጥፎ ያስቀምጠዋል፤ ዳዊቱንም ወረቀቱንም ማንበብ አይችልም።

እኔ የመጭመቂያው ጸሐፊ ነበርኩ። አንድ የአዲስ አበባ ዘይት ነጋዴ መጥቶ አክሲዮን መሰብሰብ ሲጀምር ቤት ለቤት የመራሁት እኔው ነኝ። ማን እንደ ተቸገረ፣ የማን ቤት ለቅሶ እንዳለ አውቃለሁ። አንዷን መበለት ባሏ በተቀበረ በሠልስቱ፣ ድንኳኑ ሳይነሣ፣ አውራ ጣቷን ቀለም ነክሬ አስፈረምኳት። እንባዋን የጠረገችበት ጣት እርጥብ ስለነበር አሻራው ደበዘዘ፤ አስደገምኳት። ያን ዕለት ያናደደኝ መዘግየቷ ብቻ ነው።

ነጋዴው ከግማሽ ለማለፍ ጥቂት ሲቀረው ጉባኤ ተጠራ። ድምፁን ካገኘ ማሽኑን ነቅሎ ይወስዳል፤ ገበሬውም ኑጉን እሱ በቆረጠው ዋጋ ይሸጥለታል። ለእኔ አዲስ አበባ ሥራ አስኪያጅነት ቃል ገብቶልኛል። የጎደለውን የሚሞላው የአባቴ ድርሻ ነበር።

አባቴ እግሩን ታሞ ተኝቷል።

«ኢልመ ኮ፣ ልጄ፣ አንተ ከተቀመጥክ እኔ ተቀመጥኩ ማለት ነው። እንቢ በልልኝ» አለና በውክልናው ላይ አውራ ጣቱን አሳረፈ። ምን እንደሚል አልጠየቀም። በእኛ ዘንድ ልጅ ባመጣው ወረቀት ላይ ሌላ አንባቢ መጥራት ነውር ነው።

በጉባኤው እጄን ለነጋዴው አነሣሁ። ቤት ስገባ «እንዴት ሆነ?» አለኝ።

«አሸነፍን፣ አባባ።»

ግንባሬን ይዞ እንትፍ እንትፍ እያለ መረቀኝ፤ ውለድ፣ ክበድ፣ ልጅህ ይጡርህ። አጎንብሼ እስኪጨርስ ጠበቅኩ።

በሳምንቱ ማሽኑ በከባድ መኪና ተጭኖ በደጃችን አለፈ። አባቴ በምርኩዝ ወጥቶ አየው። 

«ምርቃቴን መልስ» አለኝ።

«ምርቃት እንዴት ይመለሳል፣ አባባ?»

«ወንድ ልጅ አለህ አይደል? እሱ ይመልስልኛል።»

ሥራ አስኪያጅነቱም ቀረ። ነጋዴው «አባቱን የሸጠ እኔን አይምረኝም» ብሎ ከበር መለሰኝ። ደግ አደረገ።

ልጄ ያኔ ገና ይድህ ነበር። አሁን ዓይኔ ደክሞ ማንበብ ትቻለሁ። ባለፈው ሰኞ «አባባ፣ እዚህ ላይ ይፈርሙልኝ» ብሎ አንድ ወረቀት አመጣልኝ። ሌላ አንባቢ ልጠራ አሰብኩ፤ አፈርኩ። ፈረምኩለት።