ስድስት ኪሎ ላይ የተቋረጠው ለቅሶ

ይህ ነገር የሆነው ጃንሆይ ከመውረዳቸው ሁለት ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ ነው። ዕድሜዬ ገፍቷል፣ ብዙ ነገር ረስቻለሁ፤ ይህን ግን ባሰብኩት ቁጥር ደሜ ይፈላል። ሰው "አንቺ ሴት ቂመኛ ነሽ" ይለኛል። አዎ፣ ነኝ። ምክንያቴን ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ።

ያኔ ደብረ ማርቆስ ጠጅ ቤት ነበረኝ። ያሳደገችኝ አክስቴ አንጓች ናት። ባሏ እንየው በጣልያን ጊዜ ማር ጭኖ አዲስ አበባ እንደሄደ ቀረ። ልጃቸው ደምሴ ገና ጡት አልጣለም ነበር። ሞተ የሚል የለ፣ አለ የሚል የለ። በእኛ አገር ደግሞ መርዶ ሳይነገር አይለቀስም፤ ሟርት ነው። ስለዚህ አክስቴ ከል አልለበሰች፣ ተዝካር አላወጣች፣ ሌላ ባል አላገባች፤ እንዲሁ ተንጠልጥላ ኖረች። በርኖሱን ሳጥን ውስጥ አስቀምጣ በየዓመቱ ፀሐይ ታስመታዋለች።

በዚያ ዓመት ከመርጡለ ማርያም አንድ መነኩሴ መጡ። በየካቲቱ ጭፍጨፋ ዕለት ከእንየው ጋር ነበሩ። ጣልያን ሲተኩስ ዓይናቸው እያየ ወድቋል። ከዚያ ወዲህ መንነው ከገዳም አልወጡም፤ የእንየውን ቤተሰብ ያወቁት ከእኛ ሰፈር ከሄደ ሰው ጋር ሲጨዋወቱ ነው። ሽማግሌዎች በማለዳ መጥተው አረዷት።

ጎረቤቱ ሁሉ ለለቅሶ ተሰበሰበ። አክስቴ ግን ድንኳን አትትከሉ አለች።

"ባዶ ግቢ ላይ አላለቅስም" አለች። "አዲስ አበባ ለእነሱ ሐውልት ቆሞላቸዋል ብለዋል አባ። እዚያ ውሰዱኝ። እዚያ አልቅሼ ይውጣልኝ፤ ተዝካሩን መጥተን እዚህ እናወጣለን።"

እኔና እሷ አውቶቡስ ተሳፈርን። ከደጀን ቁልቁል የዓባይን በረሃ ስንወርድ ተሳፋሪው ሁሉ ይጸልያል፤ እሷ ግን በመስኮት እያየች "በዚህ ነዋ በቅሎውን የነዳው" ትላለች። በርኖሱን ጭኗ ላይ አቅፋዋለች።

ደምሴ አዲስ አበባ ነው የሚኖረው። ጥጥ ፈትላ፣ የሰው እህል ፈጭታ ያስተማረችው ልጇ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ትልቅ ሰው ሆኗል። ከረባት አስሮ፣ ቮልስዋገኑን ይዞ መጣና ተቀበለን። መኪናው ውስጥ እንደገባች "ወደ አባትህ ውሰደኝ" አለችው።

"እሺ እማዬ፣ መጀመሪያ ከተማውን ላሳይሽ" አላት።

ለገሃር ወሰደንና አንበሳውን አሳየን። ጊዮርጊስ አጠገብ በፈረስ የተቀመጡትን ንጉሥ አሳየን። ቴአትር ቤቱ ፊት ለፊት ሌላ አንበሳ አለ፣ እሱንም አሳየን። ሰው ዞር ብሎ የማያየውን፣ አንድ የአትክልት ቦታ ውስጥ ቁጥቋጦ የዋጠውን አፍንጫ የሌለው ምስል እንኳ ሳይቀር አሳየን። በየደረስንበት አክስቴ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ጎንበስ ብላ "ከሥሩ ማን አለ?" ትላለች። በእኛ አገር ድንጋይ የሚቆመው ሰው ሲተኛ ነዋ!

"እማዬ ደግሞ! ማንም የለም። ለጌጥ ነው" ይላታል እየሳቀ።

"ለጌጥ?" ትላለች።

እኔ ገባኝ። ቀኑን ሊያስመሽብን ነው። "አንተ ሰውዬ፣ ይህች ሴት አንበሳ ልታይ ነው እንዴ ዓባይን የተሻገረችው?" አልኩት። ፊቱ ተለዋወጠ። "እሺ፣ እንሄዳለን። ግን ድምፅ እንዳታሰሙ። ስድስት ኪሎ የማያውቀኝ የለም" አለ።

ሄድን። ረጅም ነጭ ሐውልት ነው። ዙሪያውን ሰዎች ተቀርጸውበታል፤ የሚተኮስባቸው አሉ፣ የወደቁ አሉ፣ የሚያለቅሱ ሴቶች አሉ። አክስቴ እየዞረች አንድ በአንድ አየቻቸው። እጇ የደረሰበትን የአንዱን እግር ዳሰሰች። ከዚያ ነጠላዋን አዘቀዘቀች፣ ወገቧን ታጠቀች፣ በርኖሱን ደረጃው ላይ ዘረጋች። የሟች ልብስ እንደሚዘረጋው ማለት ነው። ደረቷን እየደቃች ጀመረች።

"ማር ጭኖ የሄደው፣ ያ ባለ በቅሎ፣
ቀረ እንዴ ሳይመጣ፣ ድንጋይ ላይ ተስሎ።"

ያ ሁሉ ዘመን የታፈነ ድምፅ ነው የወጣው። እኔም ተቀበልኳት። ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች ሸክማቸውን አውርደው መጡ፤ ማን እንደሞተ እንኳ ሳይጠይቁ አብረውን አለቀሱ። እግዚአብሔር ይስጣቸው።

በዚህ መሐል አንድ ጥቁር መኪና ቆመ። ደምሴ መኪናውን ሲያይ አመድ መሰለ። ሮጦ መጣና መዳፉን እናቱ አፍ ላይ ከደነው! "እማዬ በቃ! አለቃዬ ናቸው! እዚህ አይለቀስም!"

እጁን አላቅቃ ወደ ሐውልቱ ጠቆመች። "እነዚህ ሴቶች እያለቀሱ አይደለም እንዴ? እነሱን ማን ከለከላቸው?"

ደምሴ በርኖሱን ከደረጃው ላይ አንሥቶ ጠቀለለው። ሰውዬው ከመኪና ወርደው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቀረቡ። በጨዋ ደንብ "ማን ሞቶባቸው ነው? ምንህ ናቸው?" ብለው ጠየቁት።

"የቤት ሠራተኛችን ናት ጌታዬ" አለ ደምሴ። "ትንሽ ያማታል።"

ይህን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እሷም ሰምታለች። ጠጅ ቤት ውስጥ ስንት ባለጌ አይቻለሁ፤ እንዲህ ያለ አላየሁም። "ውሸቱን ነው!" ብዬ ጮህኩ። "እናቱ ናት! የምታለቅሰውም አባቱን ነው! አንተ የማትረባ፣ የጠባኸው ጡት ይፍረድብህ!" ሰውዬው ደምሴን ከእግር እስከ ራሱ አዩት። ከዚያ ለአክስቴ እጅ ነስተው "እግዚአብሔር ያጽናዎት እናቴ" አሏትና ሄዱ።

ሴቶቹ "አይዞሽ፣ አልቅሺ፣ ይውጣልሽ" አሏት። አፏን ከፈተች፤ ድምፅ የለም። እንባው እምቢ አለ። ነጠላዋን ከወገቧ ፈታች። "እንሂድ ልጄ" አለችኝ።

በማግስቱ አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጠን ደምሴን ስረግመው አፌን ያዘችኝ። "ተይው፣ ልጅ ነው። አፍሮብኝ ነው" አለችኝ። አፍሮብኝ! ሰላሳ ምናምን ዓመት ለእሱ ስትል ጎንበስ ብላ የኖረች ሴት!

ተዝካሩን አወጣን። ካህናቱ ፈቱ፣ ድሃው በላ፣ አልቃሽ ተጠራ። እሷ ግን አንድ ዘለላ እንባ አልወጣትም። "አልመጣልኝም" አለች። ከዚያ ብዙም አልቆየች፤ እንደታፈነች ሄደች።

ዘንድሮ ደምሴ ሽማግሌ ላከብኝ። እሱም አርጅቷል፣ ታሟል አሉ። ሽማግሌዎቹ ድንጋይ ተሸክመው ደጄ ላይ ቆሙ። "ስለ እናቱ ብለሽ ይቅር በይው፤ እሷም እኮ ይቅር ብላዋለች" አሉኝ።

ተነሡ፣ ቡና ጠጡ አልኳቸው እንጂ ይቅር አልልም። እሷማ አውቶቡሱ ሳይነሣ ይቅር ብላዋለች። እሷ አልተናደደችም፣ አልቅሳም አልወጣላትም። ታዲያ የሚናደድላት አንድ ሰው እንኳ ይኑራት እንጂ!