ዳቦው ይቆይ

አባባ፣ እኔ የልጅ ልጅዎ ከሁሉ በላይ የማልረሳው ያን እጅዎን ነው። ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴ ቤት ዳቦው ተባርኮ ሊቆረስ ሲል፣ እጅዎን ጭነውበት «የተኳረፈ አለ?» ይሉ ነበር። አለ ከተባለ፣ እስኪታረቁ ድረስ አይቆረስም።

አንድ እሑድ በእርሻ ድንበር የተጣሉ ሁለት ጎረቤቶቻችን አንታረቅም አሉ። ገና እህል ያልቀመሰው ሰው ሁሉ ተቁነጠነጠ። አንዲት እናት «ኧረ አያ፣ እነሱ በተጣሉ እኛ ምን አጠፋን?» አሉ።

«ሲጣሉ እያያችሁ ዝም አላችኋ! ዳቦው ይቆይ» አሉ እርስዎ፣ ፈገግም ሳይሉ። ያኔ ሰዉ ሁሉ ተነሥቶ፣ እየለመነም እየተቆጣም አሳሳማቸው።

እርስዎን ቀብረን ብዙም ሳንቆይ ያ ጠብ አገረሸ። ባለፈው እሑድ ከደብረ ማርቆስ ስመጣ፣ ሁለቱን ሰንበቴ ቤት ውስጥ ጀርባ ተሰጣጥተው ተቀምጠው አገኘኋቸው። ቄሱ ዳቦውን ባርከው ቢላዋ አነሡና፣ እንደ ልማዳቸው ወደ እርስዎ ቦታ ዞር አሉ። መደቡ ባዶ ነው። ከዚያ እኛን አዩን።

ሁላችንም ዝም አልን። ቆረሱት።